ዘይት የምትበላዋን ኮሮላ ላሠራት ወይስ ልሽጣት?

ጥያቄው የመጣው ሐይቅ ከሚኖሩ መምህር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«በየቀኑ ከሐይቅ ደሴ የምመላለስባት ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። እንደ ፈረንጆቹ የ1990 ስሪት ናት። ቱ-ኢ ሞተር፣ ባለ ካርቡራተር። ቆጣሪዋ 387,000 ኪሎ ሜትር ይላል። በወር አንድ ሊትር ዘይት ትበላለች። ወደ ደሴ ስወጣ አቀበቱ ላይ ሙቀቷ ይነሳል። አንድ ጋራዥ ኮምፕሬሽን ለክቶ ‹ሞተሩ አልቋል፣ መውረድ አለበት› አለኝና 165,000 ብር ጠየቀኝ። ደላላ ደግሞ እንዳለች በ750,000 ልሽጥልህ ይለኛል። 1.6 ሚሊዮን የተባለች ቪትዝም አሳይቶኛል። ልዩነቱን ከብድርና ቁጠባ ማኅበራችን መበደር እችላለሁ። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ‹ሽጣት› ነው የሚለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

አብሽሩ መምህር። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ቪትዟን ለጊዜው ይርሷት። ሞተርም አያስወርዱ። ከ165,000 ብሩ በፊት በጥቂት ሺ ብር የሚያልቅ ምርመራ አለ። እሱ ሳይሠራ «ሞተሩ አልቋል» ያለ ሰው ገምቷል እንጂ አላወቀም።

የቤቱን ነገር እኔም አውቀዋለሁ። ቡና ይፈላል። አቦሉ ላይ «መኪናዋ ጭስ ጀምራለች» ይባላል። ቶናው ላይ የአጎት ልጅ ቪትዝ ገዝቶ እንዴት እንዳማረበት ይወራል። በረካው ሳይደርስ መኪናዎ ተሽጣለች። ዕዳውን የሚከፍሉት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ከኮምፕሬሽኑ፣ ሲሊንደሩ አየሩን ከሚጨምቅበት ግፊት፣ ልጀምር፤ ፍርዱ የተሰጠው በሱ ነውና። ጋራዡ ስንት እንዳነበበ አልጻፉልኝም። ምናልባት ለእርስዎም አልነገሩዎትም ይሆናል። ቁጥሩ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ደሴ ላይ የተለካ ኮምፕሬሽን መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ላይ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ካነሰ፣ የሚጨምቀውም ያንሳል። መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚለው ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 140 አካባቢ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ኮምቦልቻ ወርደው ያንኑ ሞተር ቢለኩት 150 ገደማ ያነባሉ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሞተሩ አልታደሰም። አየሩ ነው የወፈረው።

ይሄን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው። ወጣት እያለሁ ሚሌ ነበር የምሠራው፤ ቆላው ውስጥ፣ ከ500 ሜትር ብዙ በማይዘል ከፍታ ላይ። ቁጥሮቹ ከዚያው ጭንቅላቴ ውስጥ ገብተው ነበር። ደሴ መጥቼ ጋራዥ ስጀምር የመጣው ቤንዚን ሞተር ሁሉ ያረጀ መሰለኝ። አንድ አዛውንት ፒክአፕ ይዘው መጡ። ለካሁ። አራቱም ሲሊንደር 135፣ 140 አካባቢ። «አልቋል» አልኳቸው፤ አመኑኝ። አወረድኩት። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) አንስቼ ሲሊንደሩ ውስጥ ባትሪ ሳበራ፣ ፋብሪካው የፋቀው የመስቀልያ ጭረት እንዳለ ነው። ጣቴን ከላይ ጠርዙ ላይ ሳሳልፍ የሚይዘኝ እርከን የለም። ያላለቀ ሞተር ፈትቻለሁ ማለት ነው። አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር የሚደፍነው ንጣፍ) አስገብቼ መለስኩት፤ ምን አማራጭ አለኝ? ባለቤቱ «እንደ አዲስ አደረግክልኝ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ምርቃቱ ነው።

ስለዚህ እንደገና ያስለኩ፤ ሲለካም አጠገቡ ይቁሙ። ሞተሩ ሞቆ መሆን አለበት። አራቱም ካንዴላ ይወጣል፣ አንዱን ብቻ እያወጡ መለካት አይሆንም። ባትሪው ጠንካራ ይሁን። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲዞር የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ፤ ካልተረገጠ አየር አይገባም፣ ቁጥሩም በሐሰት ዝቅ ይላል። ብዙ ቦታ የሚረሳው ይቺ ናት። አራቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ዋናው የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን እርስ በርስ መቀራረቡ ነው። ደካማው የጠንካራውን ሦስት አራተኛ ካላከለ፣ እዚያ ሲሊንደር ላይ ችግር አለ።

ከዚያ አንድ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሶ ያንኑ ሲሊንደር እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ዘሎ ከወጣ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖለት ነው የወጣው። ፈቀቅ ካላለ ግን የሚያስተነፍሰው ከላይ ነው፣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን። ልዩነቱ ኪስዎ ላይ ምን ያህል እንደሆነ ልንገርዎት። ከላይ ከሆነ ቴስታታው ብቻ ወርዶ ይሠራል። ከታች ከሆነ ነው ሞተሩ በሙሉ የሚወርደው። የተጠየቁት የሁለተኛው ዋጋ ነው፤ የመጀመሪያው ይሁን አይሁን ሳይታወቅ።

አሁን ወደ ዘይቱ። እኛ ወሎዎች ሌላው አገር የሌለው የጭስ መመርመሪያ አለን፤ የሐረጎ ዳገት ይባላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ማርሽ ውስጥ ይሁኑ፣ ነዳጅ አይርገጡ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዛት። ከኋላ ሌላ መኪና ይዞ የሚከተልዎ ሰው ያዘጋጁ። ታች ሜዳው ላይ ሲደርሱ ነዳጅ ጠበቅ አድርገው ይርገጡ። በዚያች ቅጽበት ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ወጥቶ ከጠፋ፣ ዘይቱ የሚገባው በቫልቮቹ ጎሚኒ ነው፤ ቫልቩ አንገት ላይ ባለችው ትንሽ ላስቲክ። ቁልቁለት ላይ ነዳጁ ሲዘጋ ሞተሩ ውስጥ ብርቱ መምጠጥ ይፈጠራል፣ ዘይቱን ከላይ ስቦ ያወርደዋል። ጠዋት ሲያስነሱም እንዲሁ አንዴ ጭሳ ከተወች ያው ነው፤ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያደረው ዘይት ነው። በተቃራኒው ሐረጎን ሲወጡ፣ ሞተሩ ተጭኖ ሳለ፣ ሰማያዊው ጭስ ሳያቋርጥ ከተከተለዎ ፋሻው ነው።

ጎሚኒ መቀየር የሞተር ማውረድን ዋጋ አይጠጋም። የሠላሳ አምስት ዓመት ላስቲክ ደርቆ መሰነጣጠቁ ደግሞ የሚጠበቅ ነው። የመኪና እርጅና ሁልጊዜ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም። ላስቲክ ቆማም ታረጃለች።

ጥቁር ጭስ ካዩ ደግሞ አይደንግጡ። እሱ ዘይት አይደለም፣ ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነው። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቆላ ላይ የሚሰጠውን ያህል ደጋም ላይ ይሰጣል። ለደሴ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚንም ይቆጥብልዎታል።

እስቲ አሁን ሒሳብ እንሥራ፤ እርስዎም መምህር ነዎት። በወር አንድ ሊትር ብለዋል። ሊትሩን ሺ ብር እንበለው። በዓመት 12,000 ብር። ይሄን ለማዳን 165,000 ብር ቢከፍሉ፣ ወጪዎን የሚመልሱት ከ13 ዓመት በኋላ ነው። በቀን 60 ኪሎ ሜትር እየተመላለሱ በወር አንድ ሊትር የምትበላ የ35 ዓመት መኪና ጤናማ ናት አልልም። ግን አልጋ ላይ የዋለች በሽተኛም አይደለችም። ዘይት መብላቷ ብቻውን ሞተር አያስወርድም። ሞተር የሚያስወርደው ባለቤቱ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ማየት ሲተው ነው። ዘይት ጎድሎ ብሮንዚናው (ኮሎው የሚሽከረከርበት ንጣፍ) ከተቃጠለ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ይበላል፤ ያኔ 165,000 ብርም ላይበቃ ይችላል። እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሳትነሳ ዘንጉን ይዩ። በቃ።

እኔን ያሳሰበኝ ሙቀቱ ነው። ጥያቄዎ ውስጥ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ መኪናዋን የሚገድላት ግን እሱ ነው። ዘይት የምትበላ መኪና ዓመታት ትኖራለች። የምትፈላ መኪና በአንድ ከሰዓት ቴስታታዋ ይጣመማል።

እዚህም ላይ ከፍታው ጣልቃ ይገባል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ92 ገደማ ነው። ባቄላ ሲቀቅሉ ለምን እንደሚዘገይ እናቶቻችን ያውቁታል። ሞተር ደግሞ መደበኛ ሥራው ላይ ሆኖ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይሞቃል። ታዲያ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አዩ? ውሃው እንዳይፈላ አፍኖ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን፣ ታፖው፣ ነው። ደህና ታፖ ውሃውን ተጭኖ የመፍያውን ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የላላ ወይም ጎማው የተበላ ታፖ ግን ድስት ላይ እንደተጣለ ክዳን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ምንም የማይላት መኪና ደሴ መዳረሻ ላይ ትፈላብዎታለች። ሰዉ «ጓርኒሲዮን በልታለች» ይላል። እኔ መጀመሪያ ታፖውን እቀይራለሁ። ከመለዋወጫ ሁሉ ርካሹ ነው ማለት ይቻላል። ሲገዙ ላዩ ላይ የተጻፈውን ይዩ፤ 0.9 የሚል ይሆናል። ያንኑ ይውሰዱ።

ከታፖው በኋላ ራዲያተሩን ይፈትሹ። የቧንቧ ውሃ ለዓመታት ሲጨመርባት ከኖረች ውስጧ ዝገትና ደለል ሞልቶታል። በእጅዎ ከላይ እስከ ታች ይዳስሷት፣ ጠፍታ ትንሽ ሙቅ ሳለች። ቀዝቃዛ ቦታ ካገኙ እዚያ ውሃ አያልፍም። ተፍቃ ትጸዳለች፤ ካልሆነ ትቀየራለች። ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ ዘግቶ የሚይዘውን ቴርሞስታቷንም ይጠይቁ። አገራችን ውስጥ መኪና ከሞቀች ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል። እኔ አልወደውም። ቴርሞስታት የሌላት መኪና የደሴ ብርድ ላይ በደንብ ሳትሞቅ ሐይቅ ትደርሳለች፤ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ቤንዚንም ይበላል፣ ፋሻውንም ያስበላል። ከውሃው ጋር ፀረ ዝገት ፈሳሽ ይቀላቀል። የሚሸጠው በረዶ ለሚጥልበት አገር ነው ብለው አይለፉት፣ እኛ የምንፈልገው ለዝገቱ ነው።

ጓርኒሲዮን መሆኑን የሚያረጋግጡት እንዲህ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ታፖውን ከፍተው ያስነሷት። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካገኙ፣ ያኔ ቴስታታው መውረዱ አይቀርም። በዚያው ይላጫል፣ ጎሚኒዎቹም ይቀየራሉ፣ ቫልቮቹም ይሳላሉ። አንድ ጊዜ ወርዶ ሦስት ሥራ። ትኩስ ሞተር ላይ ግን ታፖ አይክፈቱ፣ ፊትዎን ያቃጥልዎታል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ፋሻው በእውነት አልቆ ቢገኝስ? ያኔም ቢሆን የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ሞተሩ አይሆንም። መኪናዋን ጉድጓድ ላይ አውጡልኝና ሆዷን ልይ እላለሁ። ሞተር ይሠራል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፣ ፍሪሲዮን የአንድ ቀን ሥራ ነው። የበሰበሰ ቦዲ ግን መመለሻ የለውም። ኮሮላ ለብቻው ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው አጥንቷ። የፊት አሞርዛተሮቹ ከላይ የሚታሰሩበትን ቦታ፣ ከበሮቹ ሥር ያለውን ወገቧን፣ የኋላ እግሮቿ የተያያዙበትን ጥግ በመፍቻ እጀታ ቀስ እያሉ ይምቱ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል። የበሰበሰ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ አንዳንዴም መፍቻው ገብቶ ይቀራል። ደግነቱ የኛ አካባቢ መኪኖች የባሕር ጨው አይነካቸውም። ጠላታቸው የክረምት ጭቃ ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ርጥበት ይዞ የሚከርም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሆዷን በውሃ ያሳጥቡ። ላዩን ማጠብ ለሰው ዓይን ነው።

አጥንቷ ጤነኛ ከሆነ ሞተር ማሠራት ያዋጣል። አጥንቷ ከሄደ፣ አዲስ ሞተር ማስገባት የፈረሰ ቤት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ነው።

ካሠሩ ደግሞ በወግ ያሠሩ። «ፋሻ ብቻ ቀይሩልኝ» የሚለውን ቁጠባ አልወደውም። ክብ ያልሆነ ሲሊንደር ላይ ክብ ፋሻ ቢያስገቡ በጥቂት ወር ውስጥ ጭሱ ይመለሳል። ሲሊንደሩ ይለካ፤ ከተበላ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይቀረጽ። መጀመሪያ ግን ፒስተኑ ይገዛ። ቶርኖው የሚቀርጸው በእጁ ባለው ፒስተን ልክ ነው። ቀድሞ ቀርጾ ፒስተን ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ልኩን ሲያጣ ምን እንደሚል ብነግርዎ አይታተምም። የተቀየረው ዕቃ በሙሉ አሮጌው በማዳበሪያ ተሞልቶ ይሰጥዎ። መካኒኩን አላምንም ማለት አይደለም፣ ደንብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሺ ኪሎ ሜትሮች አምስት ሰው ጭነው ሐረጎን አይውጡባት።

ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መተካትም አለ። ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ይረክሳል። ነገር ግን ሌላ ሰው የነዳውን ታሪክ አብረው ይገዛሉ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም ስለሚለወጥ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ካላስመዘገቡ፣ የዓመት ምርመራ ላይ ወይም የሸጡ ቀን ጣጣ ነው።

ወደ ቪትዟ ልመለስ። ክፉ መኪና አይደለችም። ቤንዚን ትቆጥባለች፣ ሞተሯ በጥሩ ከተያዘ ረጅም ዕድሜ አለው፣ በካርቡራተር ፈንታ ነዳጅ በመርፌ (ኢንጀክተር) የምትረጭ ስለሆነች ነዳጇን እንደ ከፍታው ራሷ ታመጣጥናለች። ግን ሺ ሲሲ ሞተር ደሴ ላይ እንደ 750 ነው የሚተነፍሰው። ቤተሰብ ጭነው ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ሲመለሱ ያዩታል። አውቶማቲክ ካምቢዮዋ ከተበላሸም ጥገናው ከኮሮላዎ ሞተር ሊበልጥ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሷም አሮጌ ናት። ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና አዲስ የምትመስለው ቀለሟ አዲስ ስለሆነ ነው። የኮሮላዎን በሽታ ያውቁታል፤ የቪትዟን ባለቤቷ ነው የሚያውቀው። እሱም ለሽያጭ አቅርቧታል።

ቁጥሩን ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ለቪትዟ የሚጨምሩት 850,000 ብር ነው። የደላላ፣ የስም ማዛወሪያና የብድሩ ወለድ ገና አልተነካም። ኮሮላዋ ላይ ክፉ ክፉውን እንገምት። ሞተሩ በሙሉ ቢሠራ 165,000። ራዲያተር፣ ፍሬን፣ አሞርዛተር፣ ፍሪሲዮን፣ ታይሚንግ ቺንጋ ተደምሮ ሌላ 100,000 እንበል። ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ያለበት ነው፤ መቼ እንደተቀየረ ካላወቁ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። ድምሩ 265,000 ብር። የልዩነቱ ሲሶ አይሞላም። ያውም ምናልባት ታፖና ጎሚኒ ብቻ ሆኖ ሊያልቅ የሚችል ነገር ነው።

ውጭ አገር የሚሠራበት አንድ ደንብ አለ፤ ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ጣላት ይላል። ኢንተርኔት ላይ ያነበቡት ልጆች ይነግሩዎታል። እሱ መኪና በየዓመቱ ዋጋዋ ለሚወርድበት አገር የወጣ ነው። እኛ ዘንድ መኪና ንብረት ናት። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አልፎ ሄደ። ውጤቱ ሁለት ስለት አለው። መለዋወጫ ተወደደ፤ አገር ውስጥ ያለች አሮጌ ቤንዚን መኪናም ዋጋዋን ይዛ ቀረች። ስለዚህ ኮሮላዋን አድሰው ሁለት ዓመት ቢነዷትና ቢሸጧት ያወጡት ገንዘብ ሁሉ ሜዳ ላይ አይቀርም። ጭስ የሌላት፣ የማትሞቅ ኮሮላ ደላላው ከነገረዎት በላይ ታወጣለች። እሱም ያውቀዋል። «እንዳለች» የሚላትን ቃል ልብ ይበሉ። እንዳለች ገዝቶ ታፖ ቀይሮ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል።

የኤሌክትሪክ መኪና ያነሳብዎ ሰው ካለ፣ ለሐይቅ–ደሴ ምልልስ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ከፍታ ኃይሏን አይቀንስባትም፣ ቁልቁለት ላይም ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች። ግቢ ውስጥ ቻርጅ የሚያደርጉበት አስተማማኝ መስመር ካለዎትና ገንዘቡ ካለ ያስቡበት። በብድር ግን አልመክርም።

እኔ ራሴ «ሽጧት» የምልበት ጊዜም አለ። ሆዷ በስብሶ ከተገኘ። ተጋጭታ ተጣምማ ጎማ በአንድ ጎን እየበላች ካስቸገረች፤ አላይመንት ሦስቴ ተሠርቶም ካልተስተካከለ። ሥራዎ ተለውጦ በየሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ ከመጣ፤ ለ400 ኪሎ ሜትር መንገድ በየጊዜው ይህቺን አላምናትም። ሌላም አለ፣ እሱ ላይ ልዋሽዎት አልፈልግም። ኤርባግ የላትም። በተቆለፈ ጎማ እንዳትንሸራተት የሚያደርግ ፍሬንም የላትም። ልጆች ጭነው በጭጋግ ሐረጎን የሚወጡ የሚወርዱ ከሆነ ይሄ ከዘይቱ በላይ ሊያስጨንቅዎ የሚገባ ነገር ነው። ለዚህ ብሎ መኪና የሚለውጥን ሰው አልከራከረውም። ብቻ የሚገዟት መኪና ኤርባጎቿ በቦታቸው መኖራቸውን ያረጋግጡ። ፈንድተው ክዳኑ ብቻ ተለጥፎ የሚሸጥ አይቻለሁ። ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባጉ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ማለት ነው።

እስከዚያው ግን ፍሬኗን በደንብ ያሠሩ። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለውም ማርሽ አውጥተው አይውረዱ። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ፔዳሉ ጠልቆ ይሄዳል፣ የሐረጎ ኩርባ ደግሞ ሰው አይጠብቅም።

የሆነው ሆኖ ሌላ ለመግዛት ከወሰኑ፣ ለማየት ማለዳ ሳይነገር ይሂዱ። መጀመሪያ እጅዎን ኮፋኖው ላይ ያድርጉ። ከሞቀ ቀድመው አስነስተዋታል፣ የጠዋቱን ጭስ ደብቀዋል። የዘይት ዘንጉን አውጥተው በጣትዎ መካከል ይሹት፤ እንደ ማር የሚጎተት ከሆነ ጭስ መደበቂያ ወፍራም ነገር ተጨምሮበታል። ሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እኛ አካባቢ ይሄ ለወግ ያህል የሚሠራ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ዕዳና እገዳውን ሳያስጠሩ ቀብድ አይስጡ። የእርስዎንም ሲሸጡ ዘይት እንደምትበላ ለገዢው ይንገሩት። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገ ገበያ ላይ ትገናኛላችሁ።

አሁን የሚያደርጉት ይሄ ነው። በዚህ ሳምንት ታፖ ይግዙ፣ ራዲያተሯን ያስፈትሹ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የሐረጎውን ነገር ይሞክሩ፣ ከኋላ የሚከተልዎ ሰው ጭሱን በስልክ ይቅረጸው። ከዚያ ሌላ ጋራዥ ወስደው ኮምፕሬሽኑን ያስለኩ፤ የመጀመሪያው ምን እንዳላቸው አይንገሯቸው። ደረቁንም፣ በዘይት የተለካውንም፣ ስምንቱን ቁጥር ይላኩልኝ። የት ከተማ እንደተለካ አብረው ይጻፉ፤ ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ ሳላውቅ አላነበውም።